ሥር የያዘው ይነቀላል፣ እጅ የያዘው ይነጠቃል

ጥርስ ከአፍ የሚወጣበትን መንገድ አማርኛ በአንድ ግሥ ብቻ አይናገርም። ሐኪም አደንዝዞ ካወጣው ተነቀለ ይባላል። በቡጢ ከወጣ ወለቀ ነው፤ መቺውም አወለቀው። በእርጅና ከሄደ ደግሞ ረገፈ እንላለን፤ የቅጠልና የአበባ ግሥ ነው። አንድ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ «ጥርሴን አወለቀው» ቢል ድብድብ እንደነበረ መዝጋቢው ወዲያው ይገባዋል። «ጥርሴን ነቀለው» ካለ ግን ነገሩ የሕክምና ስሕተት ይመስላል። ጉልበት በሁለቱም አለ፤ ሥሩ የጠለቀ መንጋጋ ለመንቀል የሚወጣው ጉልበትም ቀላል አይደለም።

አንድን ነገር ከነበረበት በኃይል ማውጣትን የሚናገሩ የአማርኛ ግሦች ብዙ ናቸው፦ ነቀለ፣ መነገለ፣ ፈነቀለ፣ መዘዘ፣ ገነጠለ፣ ፈለቀቀ፣ ፈለፈለ፣ አወለቀ፣ ነጨ፣ ቀጠፈ፣ ነጠቀ፣ ቀማ፣ መነተፈ፣ መነጨቀ። ላይ ላዩን ሲታዩ የሚለያዩት በጉልበት መጠን ይመስላል፤ አንዱ ለስለስ ያለ፣ ሌላው ጠንከር ያለ። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ግሡን የሚመርጠው የጎታቹ ጉልበት አይደለም፤ ዕቃውን ይዞት የነበረው ነገር ነው። ሥር የያዘው ይነቀላል። ክብደቱ ያስቀመጠው ይፈነቀላል። አፎት የያዘው ይመዘዛል። መጋጠሚያ የያዘው ይወልቃል። እጅ የያዘው ይነጠቃል። ቅርንጫፍ ከግንዱ ይገነጠላል። ይህን መለየት የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግሦቹ ከማሳና ከጓዳ ወጥተው ወደ ፖለቲካ፣ ወደ ዜናና ወደ ሕግ ሲገቡ ያንን «የያዘ ነገር» አብረው ይዘውት ይገባሉ፤ አንዳንዴም እሱን ለመደበቅ ሲባል ሌላ ግሥ ይመረጣል።

ከነቀለ እንጀምር። ፍቺውን ለማወቅ ተቃራኒውን መጠየቅ ይበቃል፦ ተከለ። የሚተከል ሁሉ ይነቀላል፤ ችግኝ፣ ካስማ፣ ምሰሶ፣ ድንኳን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ይተከላል፣ ከሠልስት በኋላ ይነቀላል። ኤሌክትሪክ አገራችን ሲገባ ግሡ አልተቸገረም፤ «ስልኩ ሞልቷል፣ ቻርጀሩን ንቀለው» እንባባላለን። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲሻለው «ጉሉኮሱ ተነቀለለት» ይባላል። ሚስማርም ከጣውላ ይነቀላል። እነዚህ ሁሉ አንድ ጫፋቸው በሌላ አካል ውስጥ ገብቶ የተያዘ ነው፤ ነቀለ የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ጥርስን ማንም አልተከለውም፣ ነገር ግን ድድ ውስጥ ሥር አለው፤ ስለዚህ ይነቀላል። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የኖረበትን ሥራ «ጥርሱን የነቀለበት ሙያ» የምንለውም ከወተት ጥርሱ ጋር አያይዘን ነው፤ ሌላው ጥርስ ሲበቅልለት እዚያው ሥራ ላይ ነበር ለማለት።

ገበሬ ዘንድ ነቀለ የራሱ ወቅት ያለው ሥራ ነው። ጤፍና ስንዴ ይታጨዳሉ፤ ሽምብራና ምስር ግን ይነቀላሉ። ሽምብራ ቁመቱ አጭር ነው፤ ፍሬውም ከታች ጀምሮ ስለሚይዝ ማጭድ ቢገባበት ብዙው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ጎንበስ ብሎ በእጁ እየጨበጠ ከነሥሩ ያወጣዋል፤ ሥራውም ሽምብራ ነቀላ ይባላል። አዲስ አበባ መንገድ ዳር በበጋ የሚሸጠውን የሽምብራ እሸት ያየ ሰው ፍሬውን ብቻ አያገኝም፤ ተክሉ ከነቅጠሉ በእስር በእስር ሆኖ ነው የሚቀርብለት። የታጨደ ሳይሆን የተነቀለ መሆኑ እዚያው ይታያል።

አረምም ይነቀላል። ይህ ሥራ፣ ማረም፣ ከማሳ አልፎ ትምህርት ቤት ድረስ ገብቷል፤ መምህር ፈተና ያርማል፣ ማተሚያ ቤት አራሚ አለው፣ ስሕተት ሲወጣ እርማት ይደረጋል። የተማሪ ወረቀት ላይ የሚሰመረው ቀይ ብዕርና የጤፍ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ያለው ገበሬ በአንድ ግሥ የሚገናኙት የማይፈለገውን ከሚፈለገው መሐል ለይቶ ማውጣት የሁለቱም ሥራ ስለሆነ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ነቀለ የሚለውን ግሥ ትንሽ ፈትኖታል። እምቦጭ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ሥሩ ወደ ውሃው ይንጠለጠላል እንጂ በብዛት መሬት አይዝም። ቢሆንም ሐይቁ ዳር ወርደው በእጃቸው ያወጡት ሰዎች ሥራቸውን የእምቦጭ ነቀላ ነው ያሉት። ትክክል ናቸው። እምቦጭን የሚይዘው ራሱ እምቦጭ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ተቆላልፎ ምንጣፍ ስለሚሠራ አንዱን ለማውጣት ከሌሎቹ መንቀል ያስፈልጋል።

ከነቀለ ጋር የሚሄድ አንድ አነጋገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፦ «አገሩ ነቅሎ ወጣ»። ለአቀባበል፣ ለቀብር ወይም ለሰልፍ አንድ ከተማ ባዶውን ሲቀር የምንለው ነው። ነቅሎ ይላል እንጂ ምን እንደነቀለ አይናገርም። ነቃዩም ተነቃዩም ሕዝቡ ራሱ ነው። ሰው ቤቱን፣ ሱቁን፣ ሥራውን እንደ ሥር ይዞ ይኖራል፤ ያን ቀን ማንም ሳያስገድደው ራሱን ከዚያ አወጣ ማለት ነው። «ብዙ ሰው መጣ» ይህን አይናገርም።

አማርኛ እነዚህን ግሦች ብቻቸውን ብዙ አይተዋቸውም፤ ጓደኛ ግሥ ይሰጣቸዋል። ነቅሎ አወጣ፣ ፈልቅቆ አወጣ፣ ቆፍሮ አወጣ፣ ጎትቶ አወጣ። ነጥቆ ሮጠ፣ ቀምቶ ወሰደ። ገንጥሎ ጣለ፣ መንግሎ ጣለ። የመጀመሪያው ግሥ እንዴት እንደተለቀቀ ይናገራል፣ ሁለተኛው የት እንደሄደ። ሽምብራ ነቅሎ አወጣ ያለ ሊበላው ነው፤ አረም ነቅሎ ጣለ ያለ ሊያቃጥለው ወይም ሊያደርቀው ነው። ነጥቆ አወጣ ግን ጆሮ ላይ አይጥምም፤ እጅ ውስጥ የነበረ ነገር «ውስጥ» አልነበረምና ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል እንጂ አይወጣም። ለአማርኛ ተማሪ የትኛው ግሥ ከየትኛው ጓደኛ ጋር እንደሚሄድ ማስተማር የፍቺ ዝርዝር ከማስጠናት ይበልጥ የሚረዳ ይመስለኛል። አወጣ ራሱም ተደጋግሞ አውጣጣ ሲሆን ሌላ ሥራ ይይዛል። መርማሪ ከተጠርጣሪ ቃል ያውጣጣል። በዜና ደግሞ «ከሁሉም ክልሎች የተውጣጡ ተሳታፊዎች» ሲባል ምንም ጉልበት የለበትም፤ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ተመርጦ የመጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፈነቀለ። ድንጋይ ሥር የለውም። መሬት ላይ ያስቀመጠው የራሱ ክብደት ነው፤ ዙሪያውን አፈር ቢይዘውም የሚያስቸግረው ክብደቱ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ስቦ ማውጣት አይቻልም። ሰው ዲጂኖ ያመጣል፣ ጫፉን ከድንጋዩ ሥር ያስገባል፣ ትንሽ ድንጋይ መደገፊያ ያደርግና በላይኛው ጫፍ ላይ ይጫናል። ድንጋዩ ከአንድ ጎኑ ቀና ይላል፣ ከሥሩ እርጥብ አፈርና ጉንዳን ይታያል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ፈነቀለ ማለት ይህ ነው፤ መሣሪያና መደገፊያ ያለው፣ የተቀመጠን ነገር ከሥር ገብቶ የሚገለብጥ ሥራ።

ስለዚህ መንግሥትን በኃይል ከሥልጣን ማውረድ መፈንቅለ መንግሥት መባሉ በትክክል የተመረጠ ስም ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይና ተባባሪዎቻቸው የሞከሩት እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ከላይ የተቀመጠውን ሊያነሱ ፈለጉ፤ በምትኩም አልጋ ወራሹን አስቀመጡ። መሬቱ፣ ጭሰኝነቱ፣ ከሥር ያለው ሁሉ በዚያች ሳምንት እንደነበረ ነው። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ሕዝቡም የታኅሣሥ ግርግር አለው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ሌላ ግሥ ገነነ፦ ሥር ነቀል ለውጥ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 የመሬት ባለቤትነትን ከባለርስቱ አውጥቶ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የነካው የተቀመጠውን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ያ ሰው የቆመበትን ሥርዓት ነው። ሁለቱ ቃላት ሁለት የተለያየ ፖለቲካ ይናገራሉ። ፈንቃይ መንግሥትን የሚያየው እንደተቀመጠ ክብደት ነው፤ ነቃይ ግን ሥር እንዳለው ተክል። ዛሬ ማንኛውም የሥልጠና ወይም የቢሮ አሠራር ማሻሻያ ሥር ነቀል ሲባል እሰማለሁ። ወንበር ተቀያይሮ አሠራሩ እዚያው ከሆነ ቃሉ አይመጥነውም።

ገነጠለም በዚሁ ሰፈር ነው። ቅርንጫፍ ከግንድ፣ ገጽ ከደብተር ይገነጠላል፤ ሲገነጠል የተቀደደ ጠርዝ በሁለቱም ላይ ይቀራል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ላይ የሰፈረው መገንጠል የሚለው ቃል በክርክር ሁሉ ያን ያህል የሚሻክረው ከዚህ ጠርዝ የተነሣ ይመስለኛል። መለየት ወይም መነጠል ቢባል ኖሮ የሕግ ውጤቱ ያው ሆኖ ጆሮ ላይ የሚያሳርፈው ሌላ ነበር።

መዘዘ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የሚመዘዝ ነገር ቀጭንና ረጅም ነው፣ የያዘውም ነገር አይጎዳም። ሰይፍ ከአፎት፣ ክር ከጨርቅ፣ ሲጋራ ከፓኮ፣ ሽጉጥ ከወገብ። ስፌት የምትሰፋ ሴት ከሰበዝ እስሯ ውስጥ አንዷን መዘዝ ታደርጋለች፤ እስሩ እንዳለ ይቀራል። ጸሐፊዎች «ከታሪኩ አንድ ሰበዝ መዝዘን እንይ» የሚሉት ከዚህ ነው፤ ሌላውን ሳልነካ አንዱን ብቻ ላሳያችሁ ማለታቸው ነው። በጠብ ጊዜ ግን መዘዘ ሌላ ፊት አለው። ባልና ሚስት በዛሬ ነገር ተጣልተው አንዱ የዛሬ አሥር ዓመቱን ሲያነሳ «የድሮ ነገር አትምዘዝ» ይባላል። ክር ሲመዘዝ ጫፉ ብቻ አይመጣም፤ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ሌላውም ክር ይከተላል። አንድ ነገር ጎትቶ የሚያመጣው ተከታይ ጣጣም መዘዝ ይባላል፤ «መዘዙ ለእኔ ተረፈ» የሚል ሰው የመዘዘው ሌላ ሰው መሆኑን እየተናገረ ነው።

እጅ ከሥርና ከአፎት የሚለየው የያዘውን እንደያዘ ስለሚያውቅ ነው። ሲወሰድበት ይሰማዋል። ስለዚህ ከእጅ ለሚሄድ ነገር አማርኛ ያዘጋጃቸው ግሦች ብዙ ናቸው፤ በያዡና በወሳጁ መካከል ያለውን ግንኙነትም አጥርተው ይለያሉ። ነጠቀ ፍጥነት ላይ የቆመ ነው። ጭልፊት ጫጩት ትነጥቃለች፤ ተከላካይ ከአጥቂ እግር ኳስ ይነጥቃል። ቀማ ፍጥነት አይፈልግም፤ መብለጥ ይበቃዋል። ታላቅ ወንድም የታናሹን ኳስ ይቀማል፤ አስተማሪ ተማሪው ክፍል ውስጥ የሚነካካውን ስልክ ይቀማል። ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመው ነው፤ የተቀማውም ማን እንደቀማው ስለሚያውቅ «መልስልኝ» ይላል። ነጣቂ ይሮጣል፣ ቀማኛ ግን እዚያው ሊቆም ይችላል። አንድ ገበሬ «መሬቴን ቀሙኝ» ብሎ አቤት ሲል ከሳሹ የሚጠቁመው ሮጦ የጠፋ ሰው አይደለም፤ ስሙን የሚያውቀው ጉልበተኛ ነው።

ከተማ ሌሎች ጨምራለች። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ስልክ የሚያወራ ሰው፣ መኪናው መብራት ላይ ሲቆም፣ ከውጭ የገባ እጅ ስልኩን ይዞት ሲሄድ መነተፈው ይባላል፤ የሠራው ሰው መንታፊ ነው። ኪስ አውላቂ ግን ከዚህ ይለያል። እሱ የሚሠራው ባለቤቱ ሳይሰማው ነው፤ ስለዚህም ቋንቋው የመንጠቅን ግሥ አልሰጠውም፤ እንደ ቀለበት ወይም እንደ ጫማ ከሰው ላይ አውጥቶ የመውሰድን ግሥ ሰጠው። ይህን ልዩነት ሕጉም በራሱ መንገድ ያውቀዋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትንና ውንብድናን ለያይቶ አስቀምጧል፣ ውንብድና ኃይል ወይም ዛቻ ያለበት ነውና።

ከነዚህ ሁሉ በየቀኑ የሚሰማው ግን መነጨቀ ይመስለኛል፤ እሱም ዕቃ በሌለበት። መነጨቀ ማለት ሁለት እጅ አንድ ነገር ይዞ አንደኛው በአንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ ሲወስደው ነው፤ የተወሰደበት ሰው እጁ ባዶ ከመሆኑ በፊት ሰውነቱ ይናወጣል። ከዚህ አመናጨቀ ወጣ። አንዲት እናት ወረቀት ይዘው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ይቀርባሉ። ውስጥ ያለው ሠራተኛ ቀና ሳይል «ፎቶ ኮፒው የለም፣ ነገ ነይ!» ይላቸዋል። «እማማ፣ ፎቶ ኮፒው ጎድሏል፣ ነገ ይዘው ይምጡ» ቢል መልእክቱ ያው ነው፤ ጎደለ የተባለው ወረቀትም ያው ነው። ነገር ግን እናቲቱ ቤት ገብተው የሚናገሩት «አመናጨቀኝ» ብለው ነው። ማንም ምንም አልወሰደባቸውም፤ እንዲያውም ወረቀታቸው ተመልሶላቸዋል። የተናወጡት ራሳቸው ናቸው። ግሡ ተሳቢ ዕቃውን ጥሎ ሰውየውን በዕቃው ቦታ አስቀመጠው፤ ይህ ዓይነቱ አያያዝ ለምን እንደሚያም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ራሱን መቆጣጠር ላቃተው ሰውም «አትመናጨቅ» እንላለን፤ ሰውን ሳይሆን ራሱን እያናወጠ ያለ ነውና።

መንጠቅ ግን ክፉ ብቻ አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሦስተኛው ሰማይ መወሰድ የተነገረው በዚሁ ግሥ ነው፤ ወንጌላውያን አማኞችም የሚጠብቁትን ወደ ሰማይ መወሰድ ንጥቀት ይሉታል። በቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህም የሚገርም አለ። የዋሸራ ወይም የዋድላ ተማሪ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያ ቅኔ ይዘርፋል። ዘረፈ ከተማን፣ ሲራራ ነጋዴን፣ ከብትን በኃይል ለሚወስድ የምንለው ግሥ ነው፤ ዘራፍ ብሎ የሚፎክር ጀግናም ቃሉን ያነሳው ከዚያው ነው። ለባለቅኔ ግን ምስጋና ሆነ። የእኔ ንባብ ይህ ነው፦ ምሥጢር በቃላት ተሸፍኖ ይቀመጣል እንጂ በልመና አይሰጥም፤ ባለቅኔው ደፍሮ ካልገባበት አያገኘውም።

ፈለፈለ ለብቻው ጥቂት ቃል ይገባዋል፤ በአንድ ግሥ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራልና። በቆሎ ሲፈለፈል የሚፈለገው የወጣው ነው፤ ፍሬው ይወሰዳል፣ ቆረቆንዳው ይጣላል ወይም ይማገዳል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ ግን የሚፈለገው የቀረው ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙት ዙሪያቸውና ውስጣቸው የነበረው ድንጋይ ወጥቶ ስለተጣለ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ጣሪያው ከቆመበት መሬት ጋር እኩል ሆኖ ያገኘዋል፤ ሕንፃው ያለው ወደ ታች ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ ባዶ ጉድጓድ ከቦታል። የተፈለፈለው ያ ባዶነት ነው። ጫጩት ስትፈለፈል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ከውስጥ የሚገፋ አለ። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ዙሪያውን የያዘ ጠንካራ ነገር መኖሩ ነው።

ስለ ነጨና ስለ ቀጠፈ አጠር ላድርግ። ዶሮ ላባዋ ይነጫል፤ ሐዘንተኛ ፀጉሯን ትነጫለች። የሚነጨው ብዙና ቀጭን ስለሆነ በአንድ እጅ ጭብጥ ይሆናል። ቀጠፈ የለጋ ነገር ግሥ ነው፤ ጎመን፣ አበባ፣ ገና ያልጠነከረ ቀንበጥ። በወጣትነቱ ለሞተ ሰው «በአጭር ተቀጠፈ» ስንል ለጋነቱን እያለቀስንለት ነው። «የመኪና አደጋ የ12 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ» የሚለው የዜና ዓረፍተ ነገር ግን ይህን ሁሉ አጥቶታል፤ ሟቹ የስምንት ዓመት ልጅም ይሁን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ያው ቀጠፈ ነው። «12 ሰዎች ሞቱ» ቢባል ሐዘኑ አይቀንስም፤ ቀጠፈም ለሚገባው ይቀመጥለታል።

ጉልበቱ ታዲያ የት ይነገራል? አማርኛ ለጉልበት ሌላ ቦታ አዘጋጅቷል። መዘዝ አደረገ እና ምዝዝ አደረገ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በትንሹ፣ በቀስታ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ። ነቀል አደረገ፣ ንቅል አደረገ፤ መንጨቅ አደረገ፣ ምንጭቅ አደረገ። ከፈት አደረገና ክፍት አደረገም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ። ደጋግሞ፣ ከዚህም ከዚያም ከሆነ ደግሞ ነቃቀለ፣ መዛዘዘ፣ ጎታተተ ይባላል። ስለዚህ ተናጋሪው መጀመሪያ የያዘውን ነገር አይቶ ግሡን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ጉልበቱን በቅርጹ ላይ ያሳያል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁበት ዋና ምክንያት ተፈናቀለ የሚለው ቃል ነው። ድንጋይ ተፈነቀለ ይባላል፤ ሰው ግን ተፈናቀለ። ይህ የግሥ ቅርጽ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የሚሆንን ወይም በብዙዎች ላይ የሚደርስን ነገር ይናገራል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጦርነቱ ሰዎችን ከቤታቸው ሲያስወጣ፣ ቃሉ የየቀኑ የዜና ቃል ሆነ። አባባሉም ተለመደ፦ «በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ በርካታ ዜጎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ»። ዓረፍተ ነገሩን በደንብ እንየው። ግጭቱ ተፈጠረ፤ ማን እንደፈጠረው የለም። ሰዎቹ ተፈናቀሉ፤ ማን እንዳፈናቀላቸው የለም። ፈነቀለ ግን ያለ ዲጂኖና ያለ እጅ የማይሆን ሥራ ነው። ድንጋይ በራሱ አይፈነቀልም። አማርኛ ለዚህ አፈናቀለ የሚል ግሥ፣ አፈናቃይ የሚል ስም አለው። ዘጋቢው አድራጊውን ባያውቅ ተፈናቀሉ ማለቱ ተገቢ ነው። እያወቀ ሲተወው ግን ከዓረፍተ ነገሩ የወጣው እውነት ነው።

ከዚህም የሚለሰልሱ አሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ቤት ያጡ ሰዎች «ቤታችን ተወረሰ» አሉ፤ እስከ ዛሬም እንዲህ ነው የሚባለው። ወረሰ ከሞተ ዘመድ ለሚቀር ንብረት የነበረ ግሥ ነው፤ እዚህ ግን ባለቤቱ በሕይወት አለ። ለልማት ቤቱ የሚፈርስበት የአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ የልማት ተነሺ ይባላል። የአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ርዕስ ራሱ መሬት የሚለቀቅበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ ይላል። ለቀቀና ተነሣ ሁለቱም የሰውየው ሥራ ናቸው፤ እንግዳ ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ተከራይ ቤት ይለቃል። የያዘው ነገር፣ አርባ ዓመት የኖረበት ሰፈር፣ ዕድሩ፣ እቁቡ፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ በግሡ ውስጥ ቦታ የለውም። ልማቱ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፣ ካሣውም በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሰፈሩ ሰው ራሱ ስለራሱ ሲያወራ «ተነሣሁ» አይልም፣ «አስነሡኝ» ነው የሚለው። በዚያች ትንሽ የግሥ ቅርጽ ለውጥ አድራጊው ወደ ቦታው ይመለሳል።

የግሦቹን መመለሻ ስናይ ደግሞ አንድ ነገር ይገለጣል። የተነቀለ ይተከላል፤ የተመዘዘ ወደ አፎቱ ይገባል፤ የወለቀ ይጠለቃል ወይም ይገጠማል፤ የተቀማ ይመለሳል። የተፈነቀለ ድንጋይ ግን ወደ ነበረበት ጉድጓድ አይመለስም፤ ለካብ ይውላል ወይም ወደ ዳር ይንከባለላል። ፈነቀለ የራሱ መመለሻ ግሥ የለውም። ስለዚህ ለተፈናቀሉ ሰዎች መንግሥትም የእርዳታ ድርጅቶችም ከሌሎች ግሦች የተዋሷቸውን ሁለት ቃላት ይጠቀማሉ፦ መመለስ እና መልሶ ማቋቋም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መመለስ የቦታ ጉዳይ ነው፤ በአውቶቡስ ተጭኖ የተቃጠለ ቤቱ ደጃፍ ላይ የወረደ ገበሬ ተመልሷል። ተቋቋመ ግን ከቆመ የመጣ ነው፤ ያ ገበሬ በሬ፣ ዘርና የቤት ክዳን አግኝቶ፣ ጎረቤቱ ማታ በሩን ሳይፈራ ሲያንኳኳለት ነው ተቋቋመ የሚባለው። በዜና የሚነገረው የተመላሾች ቁጥር የሚቆጥረው ከአውቶቡሱ የወረዱትን ነው፤ የተቋቋሙት ቁጥር ለብቻው ተቆጥሮ ከጎኑ መቀመጥ አለበት።